ማሽኑ አይችልም

ወረታ ላይ ፎቶ ቤት ያለውን ሰው ከካሜራው ይልቅ የሚያኖረው ሰበቡ ነው። የኔ ሰበብ አጭር ነበረች፤ «ማሽኑ አይችልም»። ሙሽራዋን ቀላ አድርግልኝ ለሚለኝ፣ ሰርጉ ላይ ያልነበረውን አጎቴን ከሚዜዎቹ መሐል አቁምልኝ ለሚለኝ፣ ከኋላ ያለውን የጭድ ክምር አንሣና የባሕር ዳርን ዘንባባ ትከልልኝ ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው። ውሸትም አልነበረም። ኮምፒውተሬ ከተዘጋ የኢንተርኔት ቤት የተረፈ፣ እንደ ጎተራ የገዘፈ አሮጌ ሳጥን ነው። ቪዲዮ አቀናብሬ ጨርሼ በል አውጣ ስለው ማራገቢያው ያጓራል፣ ስክሪኑ ይደርቃል፣ ምሳዬን በልቼ ስመለስም ጥዬው ከሄድሁበት ፈቀቅ ሳይል ይጠብቀኛል። ሰው ጩኸቱን ሲሰማ ያዝንልኛል። «እውነትህን ነው፣ ይሄስ ጡረታ ይገባዋል» ብሎኝ ይወጣል። እንዲህ እያልሁ ከማንም ሳልጣላ ኖርሁ። እምቢ የሚልልኝ እሱ ነበር።

እኔ ቁጡ ነኝ ይሉኛል፤ ነኝም። ግን ቁጣዬ ለዕቃ ነው። ኮምፒውተሩን እሰድበዋለሁ፣ ማተሚያውን በጥፊ እላለሁ፣ መብራት ሲሄድ የማልረግመው የለም። ሰው ፊት ስቆም ግን ከአፌ «እሺ» ከማለት ሌላ አይወጣም። እናቴ ይሄን ጠባዬን ስታየው «አንተ ከድንጋይ ጋር ጀግና ነህ» ትለኝ ነበር።

ሱቄ ከሩዝ መፈልፈያዎቹ ሰፈር ነው። ሩዙ ከሜዳው ተሰብስቦ ሲገባ መፈልፈያዎቹ ይነሣሉ፤ ገለፈቱ መንገዱን ይሞላዋል፤ መብራቱም እነሱ ሲነሡ ይወርዳል፣ ሲያቆሙ ይዘላል። በገበያ ዕለት ከበሬ ፊት ለፊት ሸክላ ሠሪዋ እትዬ ድስትና ምጣዳቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። ያልተሸጠላቸውን ተሸክመው ከሚመለሱ ብዬ ከፎቶ መጋረጃዬ ኋላ አሳድርላቸዋለሁ። ባላቸው ጋሼ ቀጥቃጭ ናቸው፤ ከከተማው ዳር፣ ከጎጇቸው አጠገብ ወናፋቸውን ዘርግተው ማረሻና ማጭድ ይሠራሉ። በጋሼ ማረሻ ያላረሰ፣ በእትዬ ምጣድ ያልጋገረ ቤት በአካባቢያችን መኖሩን እንጃ። ይሁን እንጂ ሰው ድስታቸውን ይገዛል እንጂ ከድስታቸው አይበላም። ከጀርባቸው «ጠይብ» ይላቸዋል። ልጁን ሆዱን የቆረጠው እንደሆነ ደግሞ ቡዳ በላብኝ ብሎ ወደነሱ ጎጆ ያያል። ሽበታቸውን እያየ ሁለቱንም «አንተ»፣ «አንቺ» ነው የሚላቸው። እኔ «እርስዎ» እላቸው ነበር። ውሃ ሲጠማቸውም በራሴ ብርጭቆ እሰጣቸዋለሁ። ለዚህ ለዚህ ራሴን በልቤ አመሰግን ነበር፤ ጽድቅ እንዲህ ሲረክስ ማን ይጠላል።

አንዲት ልጅ አለቻቸው። ትምህርት ቤት አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፍቶ፣ ደብተሯን የሚዋሳት ጠፍቶ፣ ሁሉንም ጥላ ዐረብ አገር ገባች። ከዚያ የምትደውለው ወደኔ ስልክ ነው፤ የእናቷ ስልክ ምስል አያሳይም። እትዬ ከመጋረጃው ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ እኔ ስልኩን ፊታቸው ላይ እይዝላቸዋለሁ። ክርክራቸውን በቃሌ አውቀዋለሁ። ልጅቷ ጎጆዋን ሽጡና ውጡ፣ ማንም የማያውቃችሁ ከተማ ቤት ልከራይላችሁ ትላለች። እትዬ ደግሞ አገሩ እንደ ድሮው አይደለም፣ ሰዉ ተለውጧል፣ አንቺው ነይ ይሏታል። ልጅቷ ትስቃለች፤ ደስ የሚል ሳቅ አይደለም። አንድ ቀን እንዲህ ስትላቸው ሰማሁ፤ «እማ፣ አንድ ጊዜ ከመሐላቸው አስገብተውሽ አሳይኝ። አንድ ጊዜ። ያን ቀን ሻንጣዬን አሥራለሁ።»

በጥር ከከተማችን የታወቀ ቤት ልጁን ዳረ። ቪዲዮ ቀራጩ እኔ ነበርሁ። እትዬም ነበሩ፤ የጠላውን ጋን የሠሩት እሳቸው ናቸውና ጋኖቹን አድርሰው እንደ ልማዱ ከዳሱ ውጭ፣ ከአጥሩ ሥር ተቀምጠው ለብቻቸው በላስቲክ ሳህን ይበላሉ። እንጃ ምን ሆኖ እንደሆነ ዘፋኞቹ ደከሙና ጭፈራው ቀዘቀዘ። ይሄኔ እትዬ ከተቀመጡበት አንድ ዜማ አነሡ። እሳቸው ሲዘፍኑ ሰምቼ አላውቅም ነበር። የሙሽራውን ዘር፣ የሙሽራዪቱን ዘር፣ የበሬዎቻቸውን ስም ሳይቀር እያነሡ አወረዱት። ዳሱ በሙሉ ዞረ። የሙሽራው እናት ራሳቸው ወጥተው፣ እጃቸውን ይዘው ወደ መሐል አስገቧቸው። ሰዉ ክብ ሠርቶ አጨበጨበ፣ እትዬ እስክስታ ወረዱ፣ ሙሽራውም ተነሥቶ ግንባራቸው ላይ ብር ለጠፈላቸው። እኔ ካሜራዬን ከእሳቸው ላይ አላነሣሁም። ተለውጧል የሚሉት ለካ እውነት ነው አልሁ።

ከሰርጉ በኋላ እትዬ መጡና ለልጃቸው ደወልን። ነገሯት። ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው እጃቸውን እንዴት እንደያዟቸው አሳዩዋት። ልጅቷ እስከ መጨረሻው ሰማችና፣ ካየሁት አምናለሁ አለች። እትዬ ወደኔ ዞሩ።

«ሰርጉን አልፈልግም። ያችን የኔን ብቻ ቁረጥና ላክላት።»

«አልቆ ሲወጣ መጀመሪያ የእርስዎን ነው» አልኋቸው። ከልቤ ነበር ያልሁት።

ችግሩ ያን ሰርግ የቀረጽሁበት ካሜራ አዲስ መሆኑ ነው። ምስሉ ጥራቱ በዛና አሮጌው ማሽኔ እንኳን ሊያቀናብረው ሊያሳየኝም አልቻለም። ሙሽራዋ አንድ እግሯን ታነሣለች፣ እዚያው አየር ላይ ትቀራለች። ምክንያቱን አላጣሁትም፤ ግራፊክስ ካርዱ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ምስል የሚስለውና የሚያንቀሳቅሰው ክፍል እሱ ነው፤ የኔው ከመዳፍ የማታልፍ፣ ጊዜዋ ያለፈባት ካርድ ነበረች። ሳጥኑን ስከፍተው የሩዝ ገለፈት በማራገቢያው ላይ ተጋግሮ አገኘሁ። በቀለም ብሩሽ ጠረግሁት፣ ሰደብሁት፣ ዘጋሁት፤ ምንም ለውጥ የለም። እንግዲህ እንዲህስ አይኖርም ብዬ ባሕር ዳር ወርጄ ከተዘጋ የጌም ቤት ያገለገለ ካርድ ገዛሁ። ሁለት ማራገቢያ ያለው፣ እንደ ጡብ የሚከብድ ነው። ኃይል ስለሚጠጣ ጠንከር ያለ ፓወር ሰፕላይም ጨመርሁበት። በሚኒባሱ ሙሉ መንገድ ጭኔ ላይ አቅፌው መጣሁ።

ወረታ ገብቼ ልገጥመው ብል አልገባ አለ። ሳጥኑ ውስጥ ዲስክ የሚቀመጥበት የብረት መደርደሪያ አለ፤ የካርዱ ጫፍ እሱ ላይ ይጋጫል። በግድም በውድም ሞከርሁ። ጣቴን ቆረጠኝ። ካርዱንም ሳጥኑንም፣ ባሕር ዳር ያለውንም ነጋዴ እስከነዘሩ ስራገም እትዬ ከበሩ ሆነው ሰሙኝና ሳቁብኝ። ብረት ከሆነ የሚያስቸግርህ ለባለብረት አትሰጠውም ወይ አሉኝ። እውነት ነው፤ እንዴት አላሰብሁትም። ማዘርቦርዱን፣ ዲስኩን፣ ገመዱን ሁሉ አውጥቼ ባዶውን ሳጥን ተሸክሜ፣ ካርዱንም ይዤ ወደ ጋሼ ሄድሁ።

ጋሼ ንግግር አያበዙም። ሳጥኑን ገለበጡት፣ የሚቆረጠውን በከሰል አሰመርሁላቸው፣ በመጋዝ ቆረጡት። ጫፉ እጅ እንዳይበላ በሞረድ አለሰለሱት። ኤሌክትሪክ ብናኝ አይወድም ብዬ ነግሬያቸው ስለነበር ውስጡን በእርጥብ ጨርቅ ደግመው ደጋግመው ጠረጉት። ከዚያ ካርዱን በእጃቸው መዘኑና፣ ይሄ ከአንድ ወገን ብቻ ተይዞ እንዴት ይኖራል አሉኝ። ይኖራል አልኋቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ከማረሻ ትራፊ ላይ ቁራጭ ብረት አንሥተው እሳት ውስጥ ከተቱ። ቀጥቅጠው ከካርዱ ሥር የምትቆም አንዲት እግር ሠሩልኝ፤ ጫፏን ጠፍጥፈው ለብሎን በሷት። የሥራ ዋጋ ልሰጥ ብል እጄን መለሱት።

«የሷን አሳምርልኝ» አሉ። «ልጄ ካየችው ትመጣለች።»

ሱቄ ተመልሼ ካርዱን ገጠምሁት፤ ገባ። ተስማማ። ማሽኑን ሳስነሣው ሙሽራዋ እግሯን አነሣች፣ ደግሞም አሳረፈች፤ ሄደች። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ አልደብቅም። ከዚህ በፊት ቀን ሙሉ የሚያስጠብቀኝን ሥራ ሻይ ሳልጨርስ ይጨርስልኛል። አሁን የሆነ ሰው ሊጠይቀኝ ይችላል፤ ያን ያህል ደስ ካለህ የእትዬን ቁራጭ ወዲያው ለምን አልላክህም? እኔም ራሴን እጠይቃለሁ። መልሱ ያሳፍራል። ማሽኑን ለሰው ማሳየት አማረኝ። ጎረቤት እየጠራሁ፣ ፊት ሳቀላ፣ ሰማይ ስቀይር፣ የሌለ ዘንባባ ስተክል ዋልሁ። በሬ ላይም በትልቁ ጽፌ ለጠፍሁ፤ «ማሽናችን ታድሷል። የማይቻል የለም።» በገዛ እጄ ሰበቤን ቀድጄ ጣልሁት ማለት ነው። እትዬ ማንበብ አይችሉም፤ ምን ይላል ብለው ጠየቁኝና አነበብሁላቸው። «እሰይ» አሉ።

ሰርጉ እንደተቀናበረ የሙሽራው እህት ልታይ መጣች። አብረን የተማርን፣ ቀና ሰው ናት፤ ክፋት አላውቅባትም። ወደደችው። ስታይ ስታይ እትዬ ወደ መሐል የገቡበት ቦታ ስትደርስ አቁመው አለችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እያፈረች ነው የተናገረችው። ለኛ እኮ ምንም አይደለም አለች። እናቴም በቅን ልቧ ነው ያስገባቻቸው። ግን ቪዲዮው ለሙሽራዋ ዘመዶች ወደ ጎንደር ይሄዳል፣ ከዚያም በስልክ ይዞራል፤ ከማን ጋር ነው የሚጨፍሩ ቢሉን ምን እንመልሳለን? እንግዲያው ዘፈኑን በሙሉ ልቁረጠው ወይ አልኋት። ደነገጠች። ዘፈኑማ ይኑር፣ ያለ እሱ ሰርጉ ምን ለዛ አለው አለች። ዘፈኑ ይቆይ፣ ሴትዮዋ ብቻ ትውጣ።

«ማሽኑ አይችልም» አልኋት።

ሳቀች። በነገር ሳይሆን እንዲያው በወዳጅ ሳቅ ወደ በሩ አመለከተችኝ። «የማይቻል የለም ትላለህ እኮ።»

እዚያ ላይ ማለት የነበረብኝን አውቀዋለሁ። ያኔም አውቀው ነበር። ማሽኑ ይችላል፣ እኔ ግን አላደርገውም ማለት ነበረብኝ። ምላስ አጥንት የለውም ይላሉ፤ የኔማ ሥጋም የለው። እሺ አልሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። የሚጠፋውን ሰው በመስመር ትከብበዋለህ። ካርዱ ከዙሪያው መሬቱን፣ የዳሱን ሸራ፣ የሰዉን ቀሚስ እየቀዳ ቦታውን ይሞላዋል። አሮጌው ካርድ ቢሆን ገና ስጀምረው ይታነቅ ነበር። አዲሱ ግን እትዬን ከነጠላቸው ጀምሮ ወሰዳቸው፤ ትከሻቸውን፣ ክንዳቸውን፣ ባዶ እግራቸውን። ጥላቸው መሬት ላይ ቀርቶ ነበር፤ እሱንም ተከትዬ አጠፋሁት። ሙሽራው ብር ሲለጥፍ እጁ አየር ላይ ሲቀር አስቀያሚ ሆነብኝና እዚያ ላይ የአበባ ምስል አስገባሁበት። የሚያሳፍረኝ ማጥፋቴ ብቻ አይደለም። ሥራው ደስ ይለኝ ነበር። ጎበዝ እያልሁ ነበር ለራሴ። ካርዱ ጸጥ ብሎ፣ ጋሼ በሠሩት እግር ላይ ተደግፎ ይሠራል፤ እኔም ፉጨት እያፏጨሁ እሠራለሁ።

እህትየው ተመልሳ አይታ ተደሰተች። ከመሄዷ በፊት ዋናውንም አጥፋው አለችኝ፤ ከሱቅህ ወጥቶ እንዳይዞር። እያየችኝ አጠፋሁት። ልብ በሉ፤ ቀደም ብዬ ያችን ቁራጭ ፍላሽ ላይ መገልበጥ የአፍታ ሥራ ነበር። አስቤዋለሁም። ግን ልጅቷ ዐረብ አገር ሆና ደስ ብሏት ብትለጥፈውስ? ያ ቤት ቢያየውስ? እህትየው ዓይኔን እያየች እምነት ጥላብኝ፣ ምን ሊሏት ነው? እንዲህ እንዲህ እያልሁ የሁሉንም ይሉኝታ ቆጠርሁ። የእትዬን ግን አልቆጠርሁም። እርስዎ እያልሁ አጠፋኋቸው።

እትዬ በማግሥቱ የገበያ ዕለት መጡ። ታጥበው፣ ንጹሕ ቀሚስ ለብሰው ነበር የመጡት፤ ቪዲዮ ሊያዩ እንጂ ድስት ሊሸጡ የመጡ አይመስሉም። አለቀ ወይ አሉኝ። ማሽኑን እያየሁ፣ የእርስዎን ክፍል ማሽኑ አበላሸው አልኋቸው። ሲታደስ ጠፋ፤ ሌላው ሁሉ አለ፣ ያ ብቻ ጠፋ። ከዚያ ያጽናኑኝ ጀመር። አይዞህ፣ አንተ ምን ታደርግ፣ ብረት ነው እኮ፣ ሸክላም እሳት ውስጥ ገብቶ ስንት ይሰነጠቃል አሉኝ። ወጥተው ድስታቸውን ዘረጉ። ቀኑን ሙሉ በበሩ በኩል ንጹሑን ቀሚሳቸውን እያየሁ ዋልሁ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የኔ ውሸት እያደር ከበደ። የጠፋ ፋይል ይመልሳል የሚባል ፕሮግራም ፈልጌ ሞከርሁ፤ በቦታው ሌላ ሰርግ ተጽፎበታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እንደገና አስቤ ደግሞ፣ ይረሱታል አልሁ።

ከዚያ ጋሼ መጡ። ሥራቸውን ትተው በጠራራ ፀሐይ ከከተማው ዳር በእግራቸው ነው የመጡት። የመሣሪያ ከረጢታቸውን ይዘዋል፤ ሞረድ፣ ጉጠት፣ ካቻቢቴ። በሩ ላይ ቆሙ፤ ግቡ እስኪባሉ አይገቡም። ሳስገባቸው እንኳ አልተቀመጡም። ብናኙ ይሆናል አሉኝ። ጠርጌው ነበር፣ ግን ዓይኔ ደክሟል፣ ቀርቶ ይሆናል። ወይም እግሯ ነክታው ይሆናል። እስቲ ክፈተውና ልየው አሉ። አይደለም ጋሼ፣ የእርስዎ ሥራ አይደለም አልኋቸው። አላመኑኝም። ወለሉን እያዩ፣ ቀስ ብለው እንዲህ አሉ፤

«ሰው ስለ እጃችን የሚለውን ታውቃለህ። እስከ ዛሬ አላምነውም ነበር።»

ከሰባ ዓመት በላይ የሆኑ ሰው፣ የሰዉን ስድብ ሁሉ ሲጥሉት የኖሩ ሰው፣ በኔ ውሸት ሊያነሡት ነው። ወንበር አስጠጋሁላቸው፣ ቪዲዮውን ከፈትሁት።

መጀመሪያ የመጣው ድምፃቸው ነው። ጋሼ የሚስታቸውን ድምፅ ሲሰሙ ፊታቸው በራ፤ ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀሳል። አንገታቸውን አስግገው ስክሪኑን ያያሉ፣ እስኪመጡ ይጠብቃሉ። ሰዉ ክብ ሠርቷል። ሁሉም ወደ መሐል እያየ ያጨበጭባል፣ ይስቃል፣ የሙሽራው እናት እልል ይላሉ። መሐሉ ባዶ መሬት ነው። ንጹሕ፣ ምንም ጥላ የሌለበት መሬት። ዘፈኑ ይቀጥላል።

ጋሼ ወደኔ ዞሩ። «ለማን ነው የሚያጨበጭቡት?»

ነገርኋቸው። እህትየው የጠየቀችኝን፣ እሺ ማለቴን፣ ዋናውን ማጥፋቴን፣ ሁሉንም። ማሽኑ አይደለም፣ ብረትዎም አይደለም፣ እኔ ነኝ አልኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢቆጡኝ ምንኛ በወደድሁ። እሳቸው ግን የሳጥኑን ጎን እንድከፍት በእጃቸው አመለከቱኝ። ከፈትሁት። እግሯን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጓት። ላልታለች አሉ። ካቻቢቴያቸውን አውጥተው ብሎኗን አጠበቁልኝ፣ ከረጢታቸውን አንሥተው ወጡ። ጽሑፉን ከበሬ ላይ የቀደድሁት ያኔ ነው፤ እሱስ ምን ዋጋ አለው።

ልጅቷ ስትደውል እትዬን ላስጠራ ፈራሁ፤ ግን አስጠራሁ። መጡ። ከዚያ በፊት ለስልክ መጥተው የማያውቁት ጋሼም ከኋላቸው መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ነግረውብኝ ይሆን? ለእትዬ ነግረዋቸው ይሆን? የእትዬን ፊት አየሁት፤ እንደ ሁልጊዜው ነው። እትዬ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ። እኔ ስልኩን ያዝሁ።

ወሬው ከሩዙ ተነሥቶ፣ ከጋሼ ጉልበት ሕመምና ዋንዛዬ ፍል ውሃ ደርሰው ከመመለሳቸው አልፎ፣ መጨረሻው እዚያው መጣ። ልጅቷ ቪዲዮውስ አለች። እትዬ እንደ ቀልድ አድርገው ማሽን በላው አሏት። በስልኩ ላይ የልጅቷ ፊት አልተለወጠም። ይሄን መልስ ቀድማ የምታውቀው ትመስል ነበር።

«እማ፣ በቃ። አላስገቡሽም። እኔን ደስ ለማሰኘት አትዋሺ።»

ያን ጊዜ እኔ ስልኩን ወደ ራሴ አዞርሁና፣ እናትሽ አልዋሹሽም፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ የቀረጽሁት እኔ ነኝ አልኋት። ልጅቷ አየችኝ። እናቷን «እርስዎ» ብዬ የምጠራ ሰው መሆኔን ታውቃለች፤ ታከብረኝ ነበር።

«ታዲያ የታል?» አለችኝ።

መልሱ አፌ ውስጥ ነበር። አሁን እንኳ ስጽፈው አፌ ውስጥ ነው። እትዬ ከወንበራቸው ቀና ብለው ያዩኛል፤ ልመሰክርላቸው ነው ብለው ያዩኛል። እውነቱን ብናገር ልጅቷ እናቷን ታምን ነበር፤ እትዬ ደግሞ ያን ክብ ባዶውን ያዩት ነበር። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብዬ ነው ዝም ያልሁት ብል ራሴን ማሳመር ነው። ፈርቼ ነው ዝም ያልሁት።

ጋሼ ከበሩ ላይ ሆነው ተናገሩ።

«የኔ ብረት ነው ልጄ። ማሽኑን የቆረጥሁት እኔ ነኝ፤ ብናኝ ቀርቶበት አበላሸው።»

እትዬ ዞር ብለው አዩዋቸው። መጀመሪያ ደነገጡ፣ ቀጥሎ ሳቁ፣ ቀጥሎ ተቆጡ። አየሽው አይደል አባትሽን፣ ቤቱን ሁሉ መቀጥቀጥ ለምዶ አንድ ቀን የጨፈርሁባትን አጠፋብኝ እያሉ ለልጃቸው ከሰሱላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ገበያ መሐል እንኳ ይቀልዱባቸዋል፤ ጋሼም ራሳቸውን አቀርቅረው ይሰማሉ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። እሺ አባዬ አለች። ደግማም እናቷን አልጠየቀችም። የሥራ ውሏን እንዳደሰች፣ በቅርቡ እንደማትመጣ ነገረቻቸው። እትዬ፣ ይሁን፣ ሥራሽን ሥሪ አሏት።

ጋሼ አንድ ጊዜም ወደኔ አላዩም። እኔ ግን እሳቸውን እያየሁ፣ ወደ እትዬ የመለስሁትን ስልክ ረስቼው ነበር፤ እጄ ዝቅ ብሏል።

«ኧረ ቀጥ አድርገህ ያዘው» አሉኝ እትዬ፣ «ፊቷ አይታየኝም።»